የተገኘበት ቦታ፣ የወንድሜ መስኮት

ወንድሜ በተቀበረ በሰባተኛው ሳምንት፣ ከቦርሳዬ መቀስ ሳወጣ እጄ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ነካ። ክዳኗ ጠብቆ ተዘግቷል። እስከ ወገቧ አልኮል አለ፤ ከሥር እንደ ሻይ አተላ ጥቁር ነገር ተኝቷል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ማን እንደሞላት ለማስታወስ ግን ቁጭ ማለት ነበረብኝ። የሞላኋት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ሙዚየም ውስጥ፣ የነፍሳት ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሥራህ ምንድን ነው ያለውን ሰው ሁሉ "ዝንብ" ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አይጨምርም። ሰፈሩ "የዝንቡ ዶክተር" የሚል ስም አወጣለት። ዶክተር አልነበረም፤ ግን ስሙ ደስ ይለው ነበር። መንገዳችን ላይ ያለው ሥጋ ሻጭ ባየው ቁጥር፣ እባክህ ዘመዶችህን ምከርልኝ፣ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ ይለዋል። ወንድሜ ቆም ብሎ የተሰቀለውን ሥጋ በትኩረት ያይና፣ እነዚህ የኔ ወገን አይደሉም፣ የኔዎቹ እንዲህ አይፈነጩም ብሎት ያልፋል።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። አባታችን ሲሞት ከሁለታችን አንዳችን የስፌት መኪናው ላይ መቀመጥ ነበረብን፤ ታላቅ እኔ ስለሆንኩ እኔ ተቀመጥኩ፣ እሱ ተማረ። በዚህ ቂም ይዤበት አላውቅም። ሥዕል ያስተማረኝ የለም። እጄ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኔም የጨርቅ ክር ይቆጥራል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ተሸክሞ ስፌት ቤቴ መጣና ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

"እታለም፣ እስቲ የምታዪውን ሳዪልኝ" አለኝ።

አጎንብሼ አየሁ። የዝንብ ክንፍ ነበር፤ በእጄ ካለፈ ስስ ጨርቅ ሁሉ የሳሳ፣ ጅማቱ እንደ ጥልፍ የተዘረጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባወጣቸው ጽሑፎች ውስጥ ያሉት ሥዕሎች በሙሉ የኔ ናቸው። ማይክሮስኮፑም እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ፤ ለራሱ ሌላ ነበረው። ጽሑፎቹ ታትመው ሲመጡ እማዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታስነብበኛለች። አብዛኛው አይገባትም፣ መስመር ስዘል ግን ይታወቃታል። መጋረጃው ላይ ከምትሰፋው ቀለበት ቀና ሳትል "ዘለልሽ" ትለኛለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ሙዚየሙ ምድር ቤት፣ የመስኮት ደፍ ላይ፣ አንዲት ሴት ዝንብ አገኘ። የሩዝ ፍሬ ግማሽ አታህልም። ጀርባዋ ጎባጣ ነው። ከመብረር ይልቅ መሮጥ ይቀናታል፤ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትሮጣለች፤ ቤቱ ውስጥ የጠፋባትን ነገር የምትፈልግ ትመስላለች። በሁለቱ የፊት እግሮቿ ላይ እንደ ቀለበት የነጣ መስመር አለ። በመጻሕፍቱ ሁሉ ፈለገ፤ ስለሷ የጻፈ የለም። ስንጥቅ ካገኘች ሌሎች የማይደርሱበት ትደርሳለች ብሎ ገምቶ ጻፈ። ምን ላይ እንደምትኖር በሚለው መስመር ላይ ግን የሚጽፈው አልነበረውም፤ ባዶ ተወው።

አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ለማውጣት የሥራው ሕግ አለ። በዚህ ወገን ሴቶቹ ሁሉ እንደ እህትማማቾች ይመሳሰላሉ፤ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው የወንዱ የኋላ አካል ነው። ወንዱ ካልተገኘ ጽሑፉ ከመሳቢያ አይወጣም። ሌላው ሕግ መለያ ወረቀቱ ነው። ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር የጥፍር ያህል ወረቀት ይቀመጣል፤ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ፣ ምን ላይ እንደተገኘ ይጻፍበታል። ወንድሜ በሌላው ነገር ሁሉ ለስላሳ ነበር። በዚህ ወረቀት ጉዳይ ግን ፊቱ ይቀየራል። ወረቀት የሌለው ዝንብ ጥራጊ ነው፤ ሐሰት የተጻፈበት ግን ከጥራጊም የከፋ ነው፣ የዛሬ መቶ ዓመት የሚመጣው ሰው ያምነዋል ይል ነበር።

ስሙን ከሁሉ አስቀድሞ መርጧል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ዝንቧን በእማዬ ስም ሊሰይማት እንደሆነ ነገራት። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ወልጄ፣ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ በመጨረሻ ዝንብ ልባል?"

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ግን ከዚያ በኋላ በየእሑዱ፣ ገና ከበር ሲገባ፣ "ወንዱ ተገኘ?" ትለዋለች፤ ለልጇ ባል የምትጠብቅ እናት ሆነች። ወንድሜም ኮቱን እየሰቀለ፣ ገና ነው እማዬ፣ ጨዋ ቤተሰብ እያፈላለግን ነው ይላታል።

እማዬ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ከስፌት ቤቱ በስተጀርባ ባለው ክፍል። ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም። እሱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱን አይታው አታውቅም። አልጋው በየት በኩል እንደሆነ፣ መስኮቱ ምን እንደሚያሳይ እኔን ነበር የምትጠይቀኝ።

የተጣላነው ሐሙስ ቀን ነው። የሴቷን የጀርባ ሥዕል ጨርሼ ቤቱ ወሰድኩለት። በደረቷ ጀርባ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ወፍራም ጸጉሮች አሏት። እኔ በቀኝም በግራም አምስት አምስት ሳልኩ። አየው፣ በማይክሮስኮፑ አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ።

"በቀኝ በኩል አራት ናቸው" አለኝ። "የሌለ ጸጉር አትጨምሪ፣ እታለም።"

አምስተኛዋ ቦታ አላት፣ ቦታዋን አይቼዋለሁ አልኩት። እሱ የሚታየው ጸጉር አራት ነው አለ። ተመላለስን። በመጨረሻ ሳያስበው አንድ ቃል አመለጠው።

"ይሄ እኮ መጋረጃ አይደለም፣ እንዲያምር ብለሽ የምትጨምሪበት።"

ሥዕሉን ጠቅልዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ጠራኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሰጥቼው መጋረጃ ሰፊነቴን ያነሳብኛል ብዬ ቤቴ እስክደርስ አጉረመረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠራ። እሱ ነበር። እጄ ላይ መቀስ፣ ከፊቴ የተዘረጋ ጨርቅ ነበረ። ማንሳት እችል ነበር። ይጥራ፣ እሱም ትንሽ ይቅመሳት ብዬ ተውኩት። አንዴ ብቻ ደወለ፤ አልደገመም።

እሑድ ለምሳ አልመጣም። እማዬ ሳህኑን አቅርባ ጠበቀች። ደውዪለት አለችኝ። ሥራ በዝቶበት ነው፣ አትነዝንዢው አልኳት። ሥራ ይብዛበት አይብዛበት አላውቅም ነበር። ሳህኑን በሌላ ሳህን ከድና አስቀመጠችው። ሰኞ እንዳይበላሽ ብዬ ያሞቅኩት እኔ ነኝ። የበላሁትም እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ስፌት ቤት ደወለ። ወንድምሽ ሁለት ቀን ሥራ አልገባም፣ እሱ ደግሞ ሳይናገር የሚቀር ሰው አይደለም አለኝ። መለዋወጫ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ በክንዱ ደግፎ ነበር፤ ሥራ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ የቀረውን አልጽፈውም። መስኮቱ ተዘግቷል። መስታወቱ ላይ ትንንሽ ዝንቦች ነበሩ፤ ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይሮጣሉ። የመስኮቱ ደፍ ላይ እሱ ሁልጊዜ የሚያኖራት ብልቃጥና ቀጭኗ ብሩሽ ተቀምጠዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ወይ ጎረቤት ይጠራ ነበር። እኔ ብሩሿን አነሳሁ። ጫፏን አልኮል ነከርኩና መስታወቱ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ፣ ክንፋቸው እንዳይሰበር ተጠንቅቄ፣ ሰበሰብኩ። መስኮት ላይ ያለ ዝንብ አይናቅም ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጀርባዬን ለሱ ሰጥቼ ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ስጨርስ ክዳኗን አጠበቅኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፣ ከዚያ ስልኬን ፈለግኩ።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ወረቀቱ ላይ የሞተበትን ቀን ቅዳሜ ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን አጥፌ የመጋረጃ ልኬት የምጽፍበት ደብተር ውስጥ ሸሸግኩት።

እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"ብቻውን አላደረም፣ አይደል?"

"አላደረም፣ እማዬ። ዛሬ ጠዋት ነው" አልኳት።

ፊቱን ልየው አለች። ሳጥኑ የሚከፈት አልነበረም። የሆስፒታሉ ሕግ ነው ብዬ ዋሸኋት፤ ኃላፊውንም ጎረቤቱንም አደራ እንዳትነግሯት ብዬ ለመንኩ። ጥርሷን ነክሳ ተወችኝ። ከቀብር መልስ ግን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ "የልጄን ፊት በዚህች እጅ ተከለከልኩ" ብላ እጄን ለሰው አሳየች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጣ ቀለበት ትሰፋለች፣ ታወራኛለች፣ ትስቃለችም፤ ያን ነገር ግን አልተወችውም። ዓይኗ እጄ ላይ ሲያርፍ ይታወቀኛል።

በአምስተኛው ሳምንት ኃላፊው ራሱ መጣ። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው፣ ሳቅ የሚወድ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ለመቀለድ ሞክሮ አልሆነለትም። እሱ ሲወጣ ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ መሳቢያዎቹ ወደ መጋዘን እንደሚወርዱ ነገረኝ። ያኔ ያልወጣ ጽሑፍ ለዘላለም አይወጣም።

"የሱን ሥራ የሚያውቅ እጅ ያንቺ ብቻ ነው፣ እህቴ" አለኝ። "ወንዱ ባይኖርም ሥዕሉን ጨርሺው። ምናልባት የሆነ መሳቢያ ውስጥ..."

አልጨረሰውም። መሳቢያዎቹን ሁለት ጊዜ አገላብጦ ነበር። ወንድሜ ቤት የነበሩትን ነገሮች ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ረቂቁን፣ ሴቷ ያለችበትን ሣጥን፣ የዕለት ማስታወሻውን። ማስታወሻውን ከፍቼው አላውቅም። የእጁን ጽሑፍ ሳይ እጁን የማየው ይመስለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው እንግዲህ ብልቃጧን ያገኘሁት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጨርቅ ጠረጴዛውን ጠረግኩና ውስጧ ያለውን ጥልቅ ባልሆነ ሳህን ላይ ገለበጥኩ። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የሰማያዊ መጋረጃ ቀለበት ትሰፋለች። በወረንጦ አንድ በአንድ ለየኋቸው። አሥራ ስምንት ነበሩ። አሥራ ስድስቱ በየቤቱ ያለው የተለመደው ዓይነት ነው። ሁለቱ የፊት እግራቸው ላይ ነጭ ቀለበት ነበራቸው። አንደኛዋ ሴት ነች። አንደኛው ወንድ ነው።

ሁለት ዓመት የፈለገው ወንዱ መጥቶለት ነበር። ሲመጣ ግን የሚያየው ዓይን አልነበረም።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መጀመሪያ የቆጠርኩት የጀርባውን ጸጉር ነው። በግራ አምስት። በቀኝ አምስት። የድሮዋን ሴት ከሣጥኗ አወጣሁና ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኳት። በቀኝ በኩል አራት፤ ቀጥሎ፣ መርፌ ተነቅሎ ጨርቅ ላይ እንደሚተወው ያለ፣ ክብ ቀዳዳ። ጸጉሯ ረግፎ ነው። ያን ጊዜ ማስታወሻውን ከፈትኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የቅዳሜ ቀን ተጽፎበታል፤ እንዲህ ይላል።

"ሴቷን በሌላ ብርሃን አየኋት። አምስት ናቸው፤ አንዷ ረግፋ ቀዳዳዋ ቀርቷል። እታለም ልክ ናት። ያለውን ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ነገ ምሳ ላይ እማዬ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ትደሰትብኝ።"

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ እማዬ።

"ምንም። ዓይኔ ደከመ።"

"ወንዱ ተገኘ?"

"ገና ነው" አልኳት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ጤና አልነበሩም። ስልክ አንዴ ሲጠራ ሳይደግም አነሳለሁ፣ መጋረጃዬ ደረሰ ወይ የሚል ደንበኛ ይሆናል። የስፌት ቤቱ መስታወት ላይ ዝንብ ባረፈ ቁጥር እጄ ብሩሽ ይፈልጋል። አንዳንዴ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ፣ የክሩ ጫፍ ከቀዳዳው ፊት ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል። ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ። እማዬ ነገሩን ሐዘን ነው ብላ ትተወኛለች። ሐዘንም ነበር። ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ከኋላዬ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ በብሩሹ ለቅሜ እስክጨርስ የሚጠብቀኝ ዓይነት ነገር ነበር።

ወንዱን ይዤ ሙዚየም ሄድኩ። ኃላፊው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

"ራሱ ነው" አለ። ቀጥሎ ሥራው የሚያስጠይቀውን ጠየቀ። "መለያ ወረቀቱስ? የት ነው የተገኘው?"

ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ሳያደርገው ቀረ። የወንድሜን ወረቀት ሁሉ ለሃያ ሁለት ዓመት ያረመ ሰው ነው። ቢሆንም ለኔ አዘነ። መኖሪያ ቤት፣ መስኮት ላይ ብለሽ ጻፊ አለኝ፤ የሰበሰብሽው ከመስኮት ነው፣ ቃሉ እውነት ነው። ምን ላይ እንደሚኖር የሚለውን መስመር፣ ወንድምሽም ባዶ ነው የተወው፣ አይታወቅም በዪው አለኝ።

"ይታወቃል እኮ፣ ጋሼ" አልኩት። "እኔ አውቃለሁ።"

"እናትሽ ታስነብብሻለች" አለኝ።

ቤቴ መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ የጥፍር ያህሏን ወረቀት ዘርግቼ፣ ቀጭኑን ብዕር ይዤ፣ አይታወቅም የሚለውን ቃል ረቂቁ ላይ ጻፍኩ። ቃሉ እዚያ መስመር ላይ ተኝቶ አየሁት። ጎኑ ላይ የኔ ሥዕል አለ፣ አምስቱም ጸጉር በቦታው። የሌለ አትጨምሪ ብሎ ቆጥቶኝ፣ ያለውን ያጎደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ጽፎ የሞተ ሰው ነው። ይህችን አንዷን አጉድዬ በሱ ስም ላወጣት ነው።

ሰረዝኩት። ብዕሩን አስቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ወንዱ ተገኝቷል" አልኩ።

መርፌዋ ቆመ። "የት?"

"እሱ ቤት። መስኮቱ ላይ።"

"መቼ?"

"እሱን ያገኘሁት ዕለት።"

መጋረጃውን ከጭኗ ላይ አነሳች፣ አጠፈችው። እኔም ቆሜ፣ ለኃላፊው የነገርኩትንም ያልነገርኩትንም፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የሐሙሱን ጭቅጭቅ፣ የቅዳሜውን ስልክ፣ ሐኪሙ የጻፈውን ቀን፣ ከመስኮቱ የሰበሰብኳቸውን አሥራ ስምንት ዝንቦች። ሦስት ሌሊት ነው አልኳት። ሳጥኑ ያልተከፈተው ለዚያ ነው አልኳት።

ትጮሃለች ብዬ ነበር።

"ሳህኑን የከደንኩለት ዕለት..." አለች።

"አዎ።"

"አንቺ በላሽው።"

"በላሁት።"

ከወንበሯ ልትነሳ ስትሞክር ጉልበቷ እምቢ አለ። ልደግፋት ስጠጋ እጄን ገፋችው፤ ጠረጴዛውን ይዛ ራሷ መጣች። "አሳዪኝ" አለች። ብርሃኑን አስተካከልኩላት። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድና አጎነበሰች። በማይክሮስኮፕ አይታ አታውቅም፤ አይታያትም ብዬ ነበር። ታያት።

"ጎባጣ ነው" አለች። "ወገኖቼ ናቸው፣ በእውነት።"

መሳቅ አለመሳቄን አላስታውስም።

"መስኮቱ ዝግ ነበር አላልሽም? በየት ገባ?"

"በበሩ ሥር። ስንጥቅ ካገኙ ይገባሉ።"

"ደረጃውንስ?"

"በርረው። ወይ ሮጠው።"

"ሦስት ፎቅ።"

"ሦስት ፎቅ።"

የሚቀረኝ አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም አወጣሁት። ምን ላይ እንደተገኘ የግድ ይጻፋል፤ ስለዚህ ስምሽ ከዚያ ጋር እንዳይነሳ ኃላፊውን ለምኜ ሌላ ስም እናወጣለታለን አልኳት። ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳችም።

"ስሜን እንዳትነኪው" አለች። "እኔ ያልወጣሁትን ደረጃ ወጥታለች።"

ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ሳቀርብላት ትበላለች፣ ሰው ሲመጣ ሰላም ትላለች፣ ለኔ ግን ቃል የላትም። የስፌት መኪናዬን ስትሰማ ትቀመጣለች፣ ሳቆም ትነሳለች። እኔም በዚያ ዝምታ ውስጥ የወንዱን ሥዕል ጨረስኩ፤ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ የኋላ አካሉን ለብቻው አጉልቼ። እንደዚያ ያለ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም። የማሳየው ሰው አልነበረኝም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ክር እየለካች፣ ወደኔ ሳትዞር፣ "ወረቀቷ ላይ ምን አልሽ? አንብቢልኝ" አለችኝ።

ወረቀቷ ገና ባዶ ነበረች። በረቂቁ ላይ ግን ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱን አነበብኩላት። መኖሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከተዘጋ መስኮት። ማክሰኞ፣ ቀኑና ወሩ። የሰበሰበችው፣ ብዬ የራሴን ስም። እዚህ ላይ ቆምኩ።

"ዘለልሽ" አለች።

"አልዘለልኩም፣ ልቀጥል ነው።" ቀጠልኩ። "ምን ላይ፦ ከሞተ በኋላ ሦስት ሌሊት ብቻውን ያደረ ሰው።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ብቻውን የሚለውን ሰርዢው።"

"እውነት ነው እኮ፣ እማዬ። እዚህ ላይ ደግሞ አልዋሽም።"

"የሌለ አትጨምሪ አላለሽም?" አለችኝ፣ ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። "አሥራ ስምንት ነበሩ አላልሽኝም?"

ሰረዝኩት። ቀሪውን በቀጭኑ ብዕር ወረቀቷ ላይ ገለበጥኩ፤ እጄ እንደ ወትሮው አልተንቀጠቀጠም። ቀለሙ እስኪደርቅ እማዬ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ያንኑ እጄን፣ ለሰው ያሳየችውን፣ ይዛ ወደ ወንበሯ እንድመራት ተደገፈችበት። መስታወቱ ላይ አንዲት ዝንብ ነበረች። ሮጠች፣ ቆመች። ሁለታችንም እስክትሄድ ድረስ ሥራ አልጀመርንም።